መኪናው የት ይደር?
በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሰፈር መንገድ ላይ ስለሚያድሩ መኪኖች የቀረበ ዳሰሳ

ከብት ያድራል፣ እንግዳ ያድራል፣ ሊጥም ያድራል። መኪናም እንዲሁ። ሹፌርን «የት አቆምካት?» ብትሉት በጣቱ ጠቁሞ ይመልስላችኋል፤ የቀን ጥያቄ ነውና አይከብደውም። «የት ነው የምታሳድራት?» ያላችሁት እንደሆነ ግን ነገሩ ይሰፋል። ማን ይጠብቃታል? ባትሪዋና ትርፍ ጎማዋ በቦታቸው ይነጋላቸዋል? የማን አጥር ሥር ናት? የአጥሩ ባለቤትስ ምን ይላል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሞተር ሲነሳ የማን ሕፃን ይባንናል? የመንገድ ሕጋችን ስለ ማቆም ብዙ ይናገራል፤ ስለ ማሳደር ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሰፈር ሰው ከሹፌር ጋር የሚካሰሰው ደግሞ በአብዛኛው በማሳደሩ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አምቦ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር በሚገባ በአንዱ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ማምሸት ይበቃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ቀስ እያለ ይገባል። ረዳቱ ቀድሞ ወርዶ በስልኩ መብራት እያሳየ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ይላል። የኋላ ጎማው ግማሹ ኮብሉ ላይ፣ ግማሹ የዲች ክዳን ላይ ነው። ረዳቱ ከአጥር ሥር ድንጋይ ፈልጎ ታኮ ያደርግለታል። (ታኮ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፤ ለሴት ጫማም ለኢሱዙ ጎማም እኩል ያገለግላል።) የቆርቆሮው በር ይከፈትና ነጠላ ያጣፉ እናት ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ክዳን ነው። ያለፈውን ስትሰብሩት አዋጥተን ነው ያስጠገንነው።»

«አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለዛሬ ብቻ ነው። በሌሊት እነሳለሁ።»

«ትናንትም ለዛሬ ብቻ ነበር።»

ሹፌሩ ይስቅና ሁለት ሜትር ወደፊት ያስጠጋዋል። ክዳኑ ተረፈ፤ አሁን የተዘጋው የጎረቤቱ በር ነው። ክርክሩ በዚያ በኩል እንደ አዲስ ይጀመራል። እኔ በቆምኩበት ምሽት የጎረቤቱ ልጅ ባጃጁን ወደ ግቢ ለማስገባት ኤፍኤስአሩን ሁለት ጊዜ አስነስቶታል፤ ሦስተኛው ላይ ባጃጁም ውጭ አደረ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከመንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባው፣ ከዚያም በጉደር፣ በጌዶ፣ በኢጃጂና በባኮ አልፎ ወለጋ የሚወርደው መንገድ ለእነዚህ ከተሞች የጀርባ አጥንታቸው ነው። አጼ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነበር። ከተሞቹ ያደጉት በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ማደያው፣ ሆቴሉ ሁሉ አስፋልቱን ይዞ ተደርድሯል። ከአስፋልቱ አንድ ቅያስ ገባ ካላችሁ ቀጥታ መኖሪያ ቤት ነው። በትልልቅ ከተሞች በንግዱ ሰፈርና በመኖሪያው ሰፈር መካከል ያለው ርቀት እዚህ የለም። አስፋልት ዳር ቦታ ያጣ ከባድ መኪና የሚደርሰው ሰው መኝታ ክፍል መስኮት ሥር ነው።

የሚያድረው መኪና ዓይነቱ ብዙ ነው። ታርጋውን እያያችሁ ብትሄዱ አረንጓዴው፣ ማለትም ኮድ 3 የንግድ መኪናው፣ ይበዛል። ከአምቦ አልፎ ሰንቀሌ ካለው ፋብሪካ የአምቦ ውሃ ሳጥን የሚጭነው አለ። ውሃው በጠርሙስ መታሸግ ከጀመረ ከ1930 እ.ኤ.አ. አንስቶ ይህች ከተማ ጭነት ተለይቷት አያውቅም። የአምቦን ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ ገልባጭ አለ። ከጀልዱና ከጊንጪ ዙሪያ ድንች፣ ገብስና ጤፍ ጭኖ ሌሊቱን ተነስቶ ለጠዋት ገበያ አዲስ አበባ መድረስ የሚፈልግ ኢሱዙ አለ። በሰሜን በኩል አዳ በርጋ ወረዳ ውስጥ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1970ዎቹ፣ የዳንጎቴ ደግሞ በ2007 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እዚያ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ከነተሳቢው የሚመጣን መኪና ማስተናገድ ግድ ሆኖባቸዋል። ተሳቢ ያለው መኪና ኮብልስቶን ሰፈር ውስጥ ገብቶ መዞር ስለማይችል እዚያ ጥያቄው በአስፋልቱ ትከሻ ላይ ይቀራል፤ አምቦ ውስጥ የሚያስቸግረው ግን ከሰፈር መንገድ ጋር ልክ የሚመጣው መካከለኛው፣ ኤፍኤስአሩና ኤንፒአሩ ነው።

ከጭነቱ ሌላ ሚኒባሱና ቅጥቅጡ አለ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተራ ለመያዝ መናኸሪያው አጠገብ ማደር ይፈልጋሉ። ባጃጅ ግቢ ስለሚገባ ብዙ አያጣላም፤ የሚያጣላው በአንድ ግቢ አራት ተከራይ አራት ባጃጅ ሲይዝ ነው። ጋሪው እየቀነሰ ቢሄድም አልጠፋም፤ ፈረሱ ግቢ ያድራል፣ ጋሪው እጀታውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ውጭ ያድራል፤ ሌሊት ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ግን እጀታውን በግንባሩ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ከ2011 ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ከነበረው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ ከአምቦ በስተምዕራብ በሌሊት መንዳት ብዙ ሹፌሮች የማይደፍሩት ነገር ሆነ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያገኘው ከተማ ውስጥ ያድራል። ከተማ ውስጥም ቢሆን ከዋናው መንገድ ዳር ይልቅ ሰው ከሚኖርበት፣ ዘበኛ ካለበት፣ ውሻ ከሚጮኽበት ሰፈር ማደርን ይመርጣል። የሰፈሩ ሰው «ለምን እዚህ?» ሲል የሹፌሩ መልስ «ሰው ስላለበት» ነው። ሰፈሩን የሚያስጨንቀው ነገር ለሹፌሩ መጠጊያው ነው። የማደርን ጉዳይ እንደ ሥርዓት ጉድለት ብቻ አይቶ በቅጣት ለመፍታት የሚነሳ ሁሉ ይህን መመለስ ይኖርበታል።

ሕጉን እንመልከት። በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 አሽከርካሪ የት ማቆም እንደሌለበት ዘርዝሯል፦ መስቀለኛ መንገድ ላይና አጠገቡ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ መግቢያና መውጫ በር ላይ። ለጥፋት ነጥብ የሚያስመዘግበውም አሠራር ከዚሁ ደንብ ጋር የመጣ ነው። በ2016 ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቶ ቅጣቱ ከበደ። ሁለቱም በዋናነት የተጨነቁት ለሚንቀሳቀስ ትራፊክ ነው፤ መኪና መንገድ እንዳይዘጋ፣ እይታ እንዳይከልል፣ አደጋ እንዳያመጣ። መኪናው ማንንም ሳያግድ 10 ሰዓት ሙሉ የሰው አጥር ሥር ቢቆም ምን ይባላል ለሚለው መልሱ ቀጭን ነው። አዴ በር ከፍተው ሲወጡ በእጃቸው ያለው ሕግ «በሬን ዘጋህ» የሚለው ብቻ ነው። ሹፌሩም ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ሜትር ወደፊት ያስጠጋል።

ከትራፊክ ሕጉ ወጣ ብንል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሻለ የሚናገር ይመስላል። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አየር እስኪሞላ እየተባለ 20 ደቂቃ ሲያጓራ ለሚቆይ ናፍጣ ሞተር ከዚህ የተሻለ መግለጫ አይገኝም። ችግሩ አንቀጹ የተጻፈው ስለ መሬትና ቤት ባለቤት መሆኑ ነው፤ መኪናው ያለው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው፣ መንገድ ደግሞ በዚያው ሕግ የሕዝብ አገልግሎት ንብረት ነው። ጠበቃ የሚከራከርበት ቀዳዳ ማለት ይህ ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው ግን በአንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ለአንድ ሌሊት መኪና ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ለአንድ ዓመት ለተተወ፣ ጎማው ወርዶ ሣር ለበቀለበት መኪና ግን መንገዱ ይኸው ነው። አንቀጽ 2081ንም ባለመኪናዎች ቢያስታውሱት ደግ ነው። መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ታኮው ድንጋይ ተንሸራቶ መኪናው ቁልቁል ቢሄድና አጥር ቢያፈርስ «ተኝቼ ነበር» መከላከያ አይሆንም።

ታዲያ ማን ያስከብረው? ትራፊክ ፖሊስ አለ፣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ቀበሌ አለ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን ከእነዚህ አንዳቸውም ሰፈር ውስጥ አይገኙም። ቀን ላይ የትራፊክ ፖሊስ የሚታወቅበት መሣሪያ ካቻቪቴ ነው። ያለቦታው የቆመ መኪና ባለቤቱ ከሌለ ታርጋው ይፈታል፤ ሹፌሩ ከምሳ ሲመለስ ባዶ ብረት ይጠብቀዋል፤ ቅጣቱን ከፍሎ ታርጋውን በክንዱ ታቅፎ ይመለሳል። በግርድፉ ሲታይ ጥበብ ያለበት ቅጣት ነው፦ ክሬን አያስፈልገው፣ የተያዘ መኪና ማቆያ ግቢ አያስፈልገው። ለማደር ጉዳይ ግን አይሆንም። ታርጋው የተፈታበት መኪና ታርጋው እስኪመለስለት እዚያው ይቆያላ! የሰፈሩ ሰው እንዲነሳለት የፈለገው ነገር ሁለት ቀን ተጨመረበት ማለት ነው።

መንግሥት በሌለበት ሰዓት ሰፈሩን የሚያስተዳድረው ዘበኛው ነው። ቤተሰቡ በየወሩ አዋጥቶ የሚቀጥረው፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከጭራሮ እሳት ዳር የሚያነጋ ሰው። ከባድ መኪና የሚያሳድር ሹፌር ለእሱ ለብቻው «የሻይ» ይሰጠዋል። በዚህች የሻይ ብር ዘበኛው ሳይሾም የሰፈሩ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ይሆናል። የት እንደሚቆም የሚወስነው፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚያውቀው፣ የትኛዋ እናት እንደሚቆጡና የትኛው ግቢ ባዶ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ነው። አሠራሩን ለማጣጣል አልቸኩልም። ሰፈሩን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስህተቱም ጠዋት ፊት ለፊት ይነገረዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ዘበኛውን የሚከፍለው ሁሉም ቤት ሆኖ ሳለ ከመኪናው የሚገኘው ሻይ የዘበኛው ብቻ ነው፤ የተሰበረው የዲች ክዳን ደግሞ እንደገና የሁሉም ቤት ነው።

ነገሩ ሲከር ሽማግሌ ይገባበታል፤ በአካባቢው አነጋገር ጃርሱማ። ሁለት ጎረቤት በመኪና ምክንያት ተኳርፎ በእድር ላይ አለመነጋገር የሚያሳፍር ስለሆነ ብዙው እዚያ ያልቃል። ሹፌሩ የሰፈሩ ልጅ ከሆነ ማለቴ ነው። አላፊ ሹፌርን ማን ሽማግሌ ይልክበታል?

የክዳኑን ነገር ብዙ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮብልስቶን መንገድ ከጀርመን የልማት ትብብር ጋር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በአገሪቱ ከተሞች ሲስፋፋ፣ በብዙ ቦታ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ሰፈሩን አስነጥፏል። ስለዚህ ሰው ኮብሉን እንደ ግቢው ወለል ነው የሚያየው፤ «መንገዱ የሕዝብ ነው» ሲሉት «ያዋጣሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሥራውም ቢሆን ለከባድ መኪና ታስቦ አልተነጠፈም። በመዶሻ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ አሸዋ ላይ ተደርድሮ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚቆም ነው። የሚንከባለል ጎማ ብዙ አይጎዳውም። የሚፈነቅለው ሹፌሩ መኪናውን ለማስጠጋት ቆሞ መሪ ሲጠመዝዝ ነው፤ ያን ጊዜ የፊት ጎማው ድንጋዩን እንደ ጥርስ ይነቅለዋል። አንዱ ከወጣ ጎረቤቶቹ ይላላሉ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው አሸዋውን ይዞት ይሄዳል፣ መስከረም ላይ ጉድጓድ ነው። ሌሊት ሙሉ የሚንጠባጠበውን ዘይትና ጠዋት ኮብሉ ላይ የሚንሸራተቱትን ተማሪዎች ብጨምርበት የአቤቱታ ደብዳቤ ይመስልብኛል።

አዲስ አበባ ተመሳሳዩን ጥያቄ በገንዘብና በአዋጅ ልትመልሰው ሞክራለች። በ2011 ሐምሌ ላይ የጭነት መኪኖች በቀን ከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ከተገደቡ ወዲህ መኪናው ሌሊት ይሠራል። ውጤቱ ለምዕራብ ሸዋ ሹፌር በቀጥታ ይደርሰዋል፤ በቀን የማይገባ መኪና ቀኑን የሆነ ቦታ መዋል አለበት፣ ስለዚህ ከማደሪያው ላይ የመዋያ ጥያቄ ተደረበ። ለቤት መኪናዎች ደግሞ ከተማዋ ከመገናኛው ባለ ብረት ማማ ማቆሚያ እስከ መስቀል አደባባይ ምድር ቤት ድረስ ሠርታለች፤ የመስቀል አደባባዩ በ2013 ሲከፈት 1,400 ያህል መኪና እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ወጣቶች ተደራጅተው በየመንገዱ ዳር ደረሰኝ እየቆረጡ የሚያስከፍሉበት አሠራርም የተስፋፋው እዚያ ነው፤ «የፓርኪንግ ልጆች» ይባላሉ። ይህ ሁሉ የቀን መድኃኒት ነው። የፓርኪንግ ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሞልቶ ውጭ የሚያድረው መኪና ግን እንደ አምቦው ሁሉ ከዘበኛው ጋር ነው የሚነጋገረው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ የተለየ ትዝብት አላቸው። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ባለ ከባድ መኪና ሐበሻ መኪናውን ከተማ ዳር የመኪና ማደሪያ አቁሞ በትንሽ መኪና ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከተማዋ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከባድ የንግድ መኪናና የሽርሽር መኪና በመኖሪያ ሰፈር የሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይቆም ስለሚከለክል ነው። የሽርሽር መኪና ያልኩት ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለውን ካራቫን ነው። እዚያ አገር ጡረተኛው በጋ ላይ ይዞት ይዞርና ክረምቱን በሙሉ የጎረቤት መስኮት ፊት ይገትረዋል፤ የአሜሪካ ሰፈሮች ከእኛ ኤፍኤስአር ይልቅ በእሱ ነው የሚጣሉት። በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው አሠራር ለእኛ ሰፈር ይበልጥ ይቀርባል። እዚያ የአንድ ሰፈር ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ሲያመለክቱ ካራቫንና የጀልባ ተሳቢ በዚያ ሰፈር መንገድ ላይ እንዳይቆም ይከለከላል። ከላይ የሚወርድ አንድ ወጥ ክልከላ ሳይሆን በሰፈሩ ጥያቄ የሚመጣ ነው፤ እድርን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከተማዋ ትልልቅ መኪኖች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከኢንዱስትሪ ሰፈር ውጭ እንዳያድሩ፣ ማንኛውም መኪና ደግሞ ከ72 ሰዓት በላይ በአንድ ቦታ እንዳይቆም ትከለክላለች። ቤት አጥቶ በመኪናው ውስጥ ይኖር የነበረ ሰው መኪናው ተነስቶበት ከሰሰ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ መኪና ለሰውየው ቤቱ ነው፣ እንደ መኖሪያ ቤትም የሕግ ጥበቃ አለው ብሎ ወሰነ። ጃፓን ነገሩን ከምንጩ ይዛዋለች፦ በ1962 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ማሳደሪያ ቦታ እንዳለህ ማረጋገጫ ካላመጣህ መኪናው በስምህ አይመዘገብም፤ መንገድ ላይ ማሳደርም ያስቀጣል። እኛ ዘንድ መኪና የሚገዛ ሰው የሚጠየቀው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ምርመራና ስለ መድን ነው፤ የት እንደምታድር የሚጠይቀው የለም። የጃፓኑን እዚህ እናምጣው የሚል ካለ አልስማማም። 200 ካሬ ላይ ቤት የሠራ፣ ኢሱዙውን በብድር የገዛ የአምቦ ሰው ማሳደሪያ ቦታ አምጣ ቢባል ወረቀቱን ከየትም ያመጣዋል፤ መኪናው ግን እዚያው አጥር ሥር ያድራል።

ካራቫን እኛ አገር አለ ወይ? በግል የያዘው እምብዛም ነው፤ በ2012 የኤክሳይስ ታክሱ ከተሻሻለ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህማ ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን መኪና የሚያስገባ ማን አለ። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚያቋርጡ ባለ ካራቫን ተጓዦች ግን ያልፋሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ለገሃር አካባቢ በነበረው በዊም ሆላንድ ሀውስ ግቢ ያድሩ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። የወንጪ መንደር በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች ወዲህ ደግሞ ከአምቦ በስተደቡብ ወደ ወንጪና ወደ ደንዲ ሐይቆች የሚወጣ እንግዳ በዝቷል፤ ከእነሱ መካከል ድንኳኑን መኪናው ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ አለ። እስካሁን በዚህ የተጣላ ሰፈር የለም። ልጆች ከበው ያዩታል እንጂ።

የእኛ እውነተኛው ካራቫን ግን ያው ኤፍኤስአሩ ነው። ሹፌሩ ፔንሲዮን ሲገባ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ይተኛል። ብርድ ልብሱ አለ፣ የውሃ ላስቲኩ አለ፣ ስልኩ በመኪናው ባትሪ ይሞላል፣ ጠዋት በዚያችው ውሃ ፊቱን ይታጠባል። ዕድሜው ከሃያ የማይዘል፣ አልጋ ቢከፍል የቀን ገቢው የሚያልቅ ልጅ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋቢና ውስጥ የሚተኛው ማን ነው?» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የሲያትል ዳኞች ያዩት ሰውና ይህ ልጅ ግን በጣም የሚራራቁ አይመስለኝም። መኪናው ይነሳ ሲባል የሚነሳው እሱም ነው።

በየአጥሩ ላይ በቀይ ቀለም «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ «ታርጋ ይፈታል» ብሎ ይጨምርበታል፣ ቀለሙን የቀባው ግን ባለቤቱ እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። ከተማው ራሱ በዚሁ መንገድ ቢሄድና ለከባድ መኪና የሰፈር መንገድን በሙሉ ቢከለክል መኪናው አይጠፋም፣ አንድ ቅያስ አልፎ ሽማግሌ የሌለበት፣ ዘበኛ ያልቀጠረ ድሃ ሰፈር ይገባል። ስለዚህ ክልከላው ከማሳደሪያው በፊት መምጣት የለበትም የሚለው የእኔ አቋም ነው። ከመናኸሪያው ብዙም ያልራቀ፣ አጥርና መብራት ያለው፣ መሬቱ ጠጠር የለበሰ አንድ ሜዳ ይበቃል፤ ፎቅም ማማም አያስፈልገውም። በሚሌና በሎጊያ ከተሞች ከጂቡቲ የሚመጣው መኪና ያደረባቸው ሜዳዎች የሻይ ቤቱንና የጎሚስታውን ገበያ ራሳቸው ሠርተውታል። አምቦም ላቫጆው፣ ሻይ ቤቱና አልጋው ባለበት ሜዳ ቢኖራት ሹፌሩን ለማሳመን ካቻቪቴ አያስፈልጋትም ነበር። ከዚያ በኋላ ክልከላ ይምጣ፤ በክብደት ይሁን፣ ሚኒባሱንና የሰፈሩን ልጅ ባጃጅ ከተሳቢ ጋር አይደባልቅ። ለሰፈሩ ሰውም እንደ ፌርፋክሶቹ በፊርማው የራሱን ቅያስ የመዝጋት መብት ይሰጠው። የሚገኘው የማሳደሪያ ገንዘብ የት ይገባል የሚለው ላይ ደግሞ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው የዲች ክዳኑን አዋጥተው ያስጠገኑት ናቸው።

የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞች ሲመጣ የአስፋልቱ ዳር ተጠርጎ የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ቦታ ይሆናል። እግረኛው ይጠቀማል፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ዳር የተነሳው መኪና ማታ የት እንደሚሄድ ግን አዴ ያውቃሉ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ያ ኤፍኤስአር ተነሳ። መጀመሪያ ረዳቱ ነቃ፣ ዘበኛውን ሰላም አለ፣ ሹፌሩ ዓይኑን እያሻሸ ከፔንሲዮኑ መጣ። ሞተሩ አጓራ፤ በሁለት ቤት መብራት በራ፤ ውሾቹ ጮኹ። ጎረቤቱ ወጥቶ ምንም ሳይናገር ባጃጁን ወደ ግቢው አስገባ። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጣና በጊንጪ አቅጣጫ ሄደ። ታኮው ድንጋይ ኮብሉ መሀል ቀርቷል። ሲነጋጋ አዴ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጡ፤ ድንጋዩን አዩት፣ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው አጥራቸው ሥር አስጠጉት። «ማታ ሲፈልጉት እንዳያጡት ነው» አሉኝ፤ «ካጡት ከእኔ አጥር ነቅለው ነው የሚያደርጉት።»